ሰንጢ፣ እንጨትና ውሃ

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ሰንጢ ነው። ቃሉ በከተማ ስሙ ጠፍቷል፤ ሰንጢ ሲባል ብዙው ሰው የሚታየው በጨለማ የሚመዘዝ መሣሪያ ነው። እኔ የማነሣው ግን ብርቱካን የሚልጠውን፣ እርሳስ የሚቀርጸውን፣ ሲባጎ የሚበጥሰውን፣ በመንገድ ላይ ዳቦ የሚቆርሰውን ሰንጢ ነው። አንድ ስለት፣ አንድ የእንጨት እጀታ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ አንድ ፒን፣ በቃ። ሞላ የለውም፤ ብሎን የለውም። እንዲህ ያለው ቢላ ከመቶ ዓመት በላይ መልኩን ሳይለውጥ የቆየበት ምክንያት አለው። ሰው በጉጉት ገዝቶት በሦስተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ የሚረሳበትም ምክንያት አለው። ሁለቱ ምክንያቶች የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ እንጨቱ ስለቱን ግራና ቀኝ ጨብጦ በሚይዝባት፣ ስፋቷ ሁለት ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቦይ ውስጥ።

በጥቅሉ ከማውራት አንዱን ይዘን ብንሄድ ይሻላል። የምይዘው ከዚህ ወገን በጣም የታወቀውን፣ የፈረንሳዩን ኦፒኔል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሳቮዋ ከጣሊያን ጋር የምትዋሰን ተራራማ አገር ናት፤ ወደ ፈረንሳይ የተጠቃለለችው በ1860 ነው። እዚያ ሞሪየን በሚባለው ሸለቆ ዳንኤል ኦፒኔል የተባለ፣ መጥረቢያና የመሳሰለውን የእርሻ መሣሪያ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። ልጁ ዦዜፍ በ1890፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከአባቱ ሥራ ጎን ለጎን ይህን ተጣጣፊ ቢላ ሠራ። በ1897 ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 በመጠን ደረደረው። ቁጥር 1 እና ቁጥር 11 በ1930ዎቹ ቀሩ፤ አንዱ ከልክ በላይ ትንሽ ነበር፣ ሌላው ደግሞ ከጎረቤቶቹ ከ10 እና ከ12 ብዙም አይለይም። የቀሩት አሥሩ እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

ስለቱ ላይ ዘውድ የደፋች እጅ ታትማ ታያላችሁ። ምልክቱ ከ1909 ጀምሮ ያለ ነው። እጇ የመጣችው ከሴን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ አርማ ነው። ከተማዋ በመጥምቁ ዮሐንስ ስም የተሰየመች ናት፤ በካቴድራሏም የመጥምቁ ጣቶች እንዳሉ ይታመናል። የምትባርክ እጅ መሆኗ ከዚህ ነው። ዘውዱ የሳቮዋን መሳፍንት ያስታውሳል።

አሁን ወደ ቢላው እንግባ። ቁጥር 8ን እንውሰድ፤ በብዛት በሰው እጅ ያለው እሱ ነው። ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር፣ ታጥፎ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ50 ግራም በታች። እጀታው ከአንድ ወጥ እንጨት ተቀርጾ፣ ሆዱ ላይ በመጋዝ ቦይ ይወጣለታል። ስለቱ በቦዩ ውስጥ ይገባል፤ ፒን ከጎን ወደ ጎን ይወጋዋል። የመጀመሪያው ኦፒኔል የሚቆልፍ ቀለበት አልነበረውም። በ1955 የዦዜፍ ልጅ ማርሴል ቪሮብሎክ የተባለውን ተሽከርካሪ ቀለበት ጨመረ። በእንጨቱ አንገት ላይ አንድ ቋሚ የብረት ኮሌታ አለ፤ በላዩ ላይ ደግሞ በጣት የሚዞር፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ቀለበት ይቀመጣል። ቀለበቱ ሲዞር ክፍተቱ ከስለቱ ይርቅና ብረቱ የስለቱን ሥር ይዘጋዋል፤ ቢላውም አይታጠፍም። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ታጥፎም እንዳይከፈት እንዲቆልፍ ተደርጓል። ስለዚህ ባለ ቀለበቱ ቢላ አምስት ክፍል ብቻ ነው ያለው፦ ስለት፣ እጀታ፣ ፒን፣ ኮሌታ፣ ቀለበት። ቀለበቱ የሚገኘው ከቁጥር 6 ጀምሮ ነው። ከቁጥር 2 እስከ 5 ያሉት ትንንሾቹ በእንጨቱ ጭብጥ ብቻ የሚቆሙ ናቸው።

በብዙዎቹ ሌሎች ተጣጣፊ ቢላዎች ስለቱን ክፍትም ዝግም አድርጎ የሚይዘው የብረት ሞላ ነው። እዚህ ሞላው እንጨቱ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት የእንጨት ጉንጮች ስለቱን በሰበቃ ይይዙታል። ቀላልነቱም ርካሽነቱም፣ እጅ ላይ ያለው ሙቀትም ከዚህ ይመጣል፤ ከባዱ ጣጣም እንዲሁ።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ ይተፋል። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የኦፒኔል መደበኛ እጀታ የሚሠራው ቢች ከተባለ የአውሮፓ ዛፍ ነው። ቢች ጠንካራ ነው፣ ሸካራነት የለውም፣ በደንብ ይቀረጻል፣ በአገሩም ሞልቷል፤ ነገር ግን በውሃ ብዙ ከሚንቀሳቀሱ እንጨቶች አንዱ ነው። ከእርጥብነት እስከ ሙሉ ድርቀት ድረስ፣ በዓመት ቀለበቶቹ አቅጣጫ ወደ 12 በመቶ፣ ቀለበቶቹን አቋርጦ ደግሞ ወደ 6 በመቶ ይጠብባል። ይህን ወደ ቢላው እንመንዝረው። አንድ ጉንጭ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው እንበል። ከደረቅ ወር ወደ ዝናብ ወር ሲኬድ እንጨቱ የያዘው ውሃ ከክብደቱ 6 በመቶ ያህል ቢጨምር፣ እያንዳንዱ ጉንጭ እንደ እንጨቱ አቆራረጥ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ያብጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን ኮሌታውና ፒኑ ወደ ውጭ እንዳያብጥ ይዘውታል፤ ስለዚህ ወደ ቦዩ፣ ወደ ስለቱ ነው የሚገፋው። ከሁለት ጎን ተደምሮ የመጣው ግፊት ስለቱን እንደ ሞርሳ ይነክሰዋል። በጥር የተገዛ ቢላ በሐምሌ አልከፈት የሚለው ለዚህ ነው። እንደ ጅዳና ዱባይ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ደግሞ ክረምት መጠበቅም አያስፈልግም። ቢላው ከቀዘቀዘና ከደረቀ ክፍል ወጥቶ ውጭ አየር ውስጥ ሲሰነብት ይጠብቃል፤ ተመልሶ ሲሰነብት ይላላል።

ብዙዎች «እጀታው ቫርኒሽ ተቀብቷል፣ ውሃ እንዴት ይገባዋል?» ይላሉ። ቫርኒሹ ያለው ውጪው ላይ ነው። የቦዩ ውስጥ ግን መጋዝ እንደተወው ባዶ እንጨት ነው፤ ውሃው የሚገባውም ዋናው ሥራ በሚሠራበት በዚያ ቦታ ነው።

ቢላው ሲጣበቅ ሳቮዋዎች የሚያደርጉት አንድ ዘዴ አለ። ቀለበቱን ይፈታሉ፣ ቦዩ ወደ ታች እንዲያይ እጀታውን ይይዙና የእጀታውን ጭራ በጠረጴዛ ጠርዝ ወይም በድንጋይ ላይ ጠንከር አድርገው ያንኳኩታል። እጀታው ሲቆም ስለቱ ጉዞውን ይቀጥልና ጫፉ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ በጣት ይሳባል። ጣት ከቦዩ ፊት መራቅ አለበት፤ ስለቱ ድንገት ሊወጣ ይችላልና። ይህ ቢላውን ይከፍታል እንጂ አይፈውስም።

ፈውሱ ዘይት ነው፤ ግን የትኛውም ዘይት አይደለም። የሚያስፈልገው በአየር ውስጥ ሲቆይ ራሱ የሚደርቅና የሚጠነክር ዘይት ነው። ለዚህ የታወቀው የተልባ ዘይት ነው፤ የኑግ ዘይትም ይደርቃል፣ ግን ይዘገያል። የፓልም ዘይት፣ የወይራ ዘይት፣ ቅቤ አይሆኑም፤ አይደርቁም፣ ይሻግታሉ፣ አቧራ ይይዛሉ። ቀለም መሸጫ የሚገኘው «የተፈላ» የተልባ ዘይት ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ውህዶች ስለሚጨመሩበት ምግብ ለሚቆርጥ ቢላ አልመክረውም። ለምግብ የሚሸጠው ይሻላል፤ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቢላውን ከፍታችሁ ደረቅ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ቀን አስቀምጡት። ምድጃ ላይ ወይም ፀሐይ ላይ አታቻኩሉት፤ እንጨቱ ከላይ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ቀለበቱን አውጡ። ክፍተቱን ወደ ስለቱ አዙሩት፣ ቀለበት መክፈቻ ፒንሳ ወይም ትንሽ ካቻቢቴ ተጠቅማችሁ በጥቂቱ አስፉት፣ ተፈናጥሮ እንዳይጠፋ በሌላው እጅ ሸፍኑት። ስለቱን በግማሽ አጥፋችሁ በፒኑ ዙሪያና በቦዩ ውስጥ ጠብታ ጠብታ ዘይት አስገቡ። ስለቱን ከፈት ዘጋ እያደረጋችሁ አንድ ሰዓት ያህል ይጠጣ፤ የተረፈውን ጥረጉ። ሁለት ሦስት ቀን አድርቁት። ይህን ሦስት ጊዜ ድገሙ። በአንድ ጊዜ ብዙ ማፍሰስ አይጠቅምም፤ ወፍራም ዘይት ላዩ ይቆዳል፣ ውስጡ ግን ሙጫ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ከተቀመጠ ሲደርቅ የሚያመነጨው ሙቀት ይታፈንና ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጣሉት።

ቫዝሊን አቅልጦ ቦዩን መንከርም ይቻላል። ፈጥኖ ይሠራል፣ ውሃም ይከላከላል፤ ግን ፈጽሞ ስለማይደርቅ የኪስ ብናኝ ሁሉ ይሰበስባል።

ዘይቱም ካልበቃ ቦዩን መሞረድ ይመጣል። 150 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀጭን ካርቶን ላይ አጥፋችሁ ሁለቱን ጉንጮች እኩል እኩል እሹ፤ አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ሞክሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በክረምት ነው፤ ቢላው በጣም ሲያስቸግረው ያለ ምንም ሰበቃ እስኪከፈት ድረስ ይሞርደዋል፣ በጥር ስለቱ በራሱ ክብደት ይወድቃል። ልኩ ይህ ነው፦ በእርጥቡ ወር በጥፍር በብርታት የሚከፈት ከሆነ ተዉት። በበጋ ትክክል ይሆናል። የላላ ቢላ ካጋጠማችሁ ፒኑን በጠንካራ ብረት ላይ አስደግፋችሁ ሌላውን ራሱን በትንሽ መዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት። ከዚያ በላይ ከመታችሁት ግን ጉንጩ ፒኑ በሚያልፍበት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ጉንጭ ደግሞ አይመለስም።

ቢች ብቻ አይደለም ያለው። ዋልነት፣ ኦክና ወይራም አለ። የአውሮፓው ወይራ ጓሮአችን ካለው፣ እንስራና ቅል ከምናጥንበት ወይራ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ የኛው የዚያው ንዑስ ዝርያ ነው። የወይራው እጀታ ያምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁሉም ግን እንጨት ናቸው፤ ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ።

ስለቱ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ካርቦን ብረት ነው፤ ወደ 0.9 በመቶ ካርቦን አለው። ሁለተኛው የማይዝገው ነው፤ ካርቦኑ ከዚያ ያነሰ ነው፣ 13 በመቶ የሚያልፍ ክሮሚየም ይገባበታል። ካርቦኑ በተራ ድንጋይ በጥቂት ደቂቃ ይሳላል፣ አፉም ደቃቅ ይሆናል። ግን ሎሚ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲነካ ይጠቁራል፣ የተቆረጠውን ፖም ያጠቁራል፣ የብረት ጣዕም ይተዋል። ግራጫና ሰማያዊ ሆኖ ሲጠቁር አትደንግጡ፤ ያ ስስ ሽፋን ስለቱን ከዝገት በጥቂቱ ይጠብቀዋል። አንዳንዶች አስቀድመው ስለቱን በኮምጣጤ ጠርገው ለሃያ ደቂቃ ያህል ትተው ሆን ብለው ያጠቁሩታል። ብርቱካንማ ሆኖ በጣት የሚጠረግ ከሆነ ግን ዝገት ነው። ክፉው ዝገት የማይታየው፣ ቦዩ ውስጥ ያለው የስለቱ ሥር ላይ የሚነሣው ነው፤ እርጥብ እንጨት ቀን ከሌት እዚያ ይነካዋል። ዝገቱ ውፍረት ስለሚጨምር መጣበቁንም ያባብሰዋል። አዲስ አበባ ለሚኖርና ቢላውን በየቀኑ ለሚጠርግ ሰው ካርቦኑን እመርጣለሁ። ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ወይም ከበላ በኋላ ረስቶት ለሚያድር ሰው የማይዝገው ይሻለዋል።

ስለቱ ውፍረቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ከደንደሱ ወደ አፉ እየሳሳ ይወርዳል። ወፍራም ቢላ ፖምን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል፤ ይህ ግን ይቆርጠዋል። ጉዳቱም እዚያው ነው። ቀጭን ጫፍ መፈልቀቂያ አይሆንም። ቆርቆሮ መክፈት፣ ብሎን መፍታት፣ የተጣበቀ ክዳን ማንሣት ጫፉን ይሰብረዋል። ሸንኮራ መላጥ ይችላል፤ አንጓው ላይ አስገብቶ መጠምዘዝ ግን ስለቱን ይቆለምመዋል፣ ፒኑንም ያላላዋል።

መሳሉ ከባድ አይደለም። 1000 ቁጥር የውሃ ድንጋይ፣ ማለት በውሃ እየራሰ የሚሠራ መሳያ ድንጋይ፣ አዘጋጁ። ከእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ነው የሚፈለገው። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም፤ የቁጥር 8 ስለት ከደንደስ እስከ አፍ ወደ 1.8 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ደንደሱን ከድንጋዩ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ይበቃል። በአንዱ ጎን ከሥር እስከ ጫፍ ሳሉ፤ በሌላው ጎን ጥፍር የሚይዝ ቀጭን የብረት ቅርፊት ሙሉ ርዝመቱን ሲሰማችሁ አዙሩት። ቅርፊቱ ሳይወጣ ማዞር ነው ሰውን «ሳልኩት፣ ግን አልሳል አለኝ» የሚያስብለው። ሁለቱ ጎን ሲያልቅ ግፊቱን እየቀነሳችሁ ተራ በተራ ጥቂት ጊዜ አሹት፣ ከዚያ በቀበቶ ጀርባ ቆዳ ላይ ደንደሱ እየመራ ጎትቱት። በየሰፈሩ እየዞሩ ቢላ ለሚስሉት መስጠትም ይቻላል፤ ግን ድንጋያቸው ደረቅ ሆኖ በፍጥነት የሚሽከረከር ከሆነ ይህን ቀጭን ስለት በጥቂት ሰከንድ ያግለዋል። አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ብረቱ ልስልስ ብሏል፤ ያ ክፍል ተስሎ እስኪያልቅ ድረስ ስለት አይዝም። በየመሐሉ ውሃ እንዲያስነኩት ንገሯቸው።

ስለ ምግብ ካነሣን ቁርጥ ለመብላት ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። አቆራረጡ ግሩም ነው። ችግሩ ቦዩ ነው፤ ጮማና ደም ገብቶ ይቀራል፣ እጀታውን ደግሞ ሳሙና ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይቻልም። ለጥሬ ሥጋ ቋሚ ቢላ ያዙ፤ ይህን ለዳቦ፣ ለፍራፍሬና ለአይብ ተዉት። ሲቆሽሽ ስለቱን እጠቡ፣ ቦዩን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ በትንሽ ውሃ ጥረጉ፣ አድርቁት፣ ከዚያ እንደተከፈተ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አሳድሩት። እርጥብ ቢላ ማጠፍ ያለፈውን የዘይት ድካም ሁሉ ያበላሻል።

ቀለበቱ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በራሱ አይዞርም። ሰዎች ጣታቸውን የሚቆርጡት አብዛኛውን ጊዜ ቀለበቱን በግማሽ አዙረው ሲተዉት ወይም ለመዝጋት ሲቸኩሉ ነው። እስኪጠብቅ ድረስ ይዙር። ቀለበት በሌላቸው፣ በቁጥር 5 እና ከዚያ በታች ባሉት፣ በጫፍ መውጋት የለም፤ ሲወጉበት ስለቱ ወደ ጣት ይታጠፋል። ለልጆች ጫፉ የተዶለዶመ፣ ቀለበት ያለው ዓይነት አለ፤ ማስተማር የሚገባው በእሱ ነው። ኦፒኔል በጥፍር የሚከፈት በመሆኑ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንድ እጃችሁ ገመድ ይዞ ሳለ አይከፈትም፣ በብርድ የደነዘዘ ጣትም ያስቸግረዋል።

ይህን የጭብጥ ጣጣ በሌላ መንገድ የፈቱ አሉ። የጃፓኑ ሂጎኖካሚ እጀታው የታጠፈ ብረት ነው፤ ከስለቱ ሥር የወጣች ጭራ በአውራ ጣት ትያዛለች፣ የጨበጠው እጅ ራሱ ስለቱን ይቆልፋል። የኒውዚላንዱ ስቨርድም ረጅም ጭራ አለው፤ ክፍት ሳለ ጭራው በመዳፍ ውስጥ ይውላል፣ እንጨቱ ቢላላም ቢጠብቅም ቢላው ይሠራል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ነገር ግን ኪስ ውስጥ የሚቆረቁር ጭራ ይዞ መዞር የሚወድ ሰው ያስፈልገዋል።

በውጭ ለምትኖሩት ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልናገር። በእንግሊዝ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ የሚፈቀደው አፉ ከ3 ኢንች የማይበልጥና የማይቆለፍ ተጣጣፊ ቢላ ነው፤ ስለዚህ ባለ ቀለበቱ ኦፒኔል፣ ትንሹም ቢሆን፣ አይገባበትም። በእስራኤል ሕጉ ነፃ የሚያደርገው ስለቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ደግሞም ወደ ቋሚ ቢላ ሊለወጥ የማይችል ሰንጢን ነው፤ የሚቆለፍ ቀለበት እዚህ ላይ ያስጠይቃል። በሁለቱም አገር ቀለበት የሌለው ቁጥር 4 ወይም 5 የተሻለ ነው። በአውሮፕላን ደግሞ የትኛውም በእጅ ሻንጣ አይሄድም፤ በሚጫነው ሻንጣ ብቻ ነው።

የትኛውን ቁጥር? ለኪስ 6፣ ለሁሉም ነገር 8፣ ለማዕድ 10። 12 ግሩም የኩሽና ቢላ ነው፤ የኪስ ግን አይደለም።

ስትገዙ ከአምስት ስድስቱ አንዱን መምረጥ ከቻላችሁ እያንዳንዱ እንጨት የተለየ መሆኑን አትርሱ። ከፍታችሁ ከጀርባው በኩል ተመልከቱ፤ ስለቱ በቦዩ መሐል መቆም አለበት። ዝጉትና ጫፉ ወደ አንዱ ጉንጭ ማዘንበሉን እዩ። ከከፈታችሁ በኋላ ቀለበቱን ቆልፋችሁ ስለቱን ግራና ቀኝ ነቅንቁ። የእንጨቱ መስመሮች ከአንገቱ እስከ ጭራው በቁመት መሄድ አለባቸው፤ በፒኑ አጠገብ አግድም የሚቆርጡ ከሆነ አንድ ቀን የሚሰነጠቀው በዚያ ነውና፣ ቢያምራችሁም አስቀምጡትና ሌላውን አንሡ።